ሞክሼ

ይህን የምጽፈው ዊኪ ለምትሠሩ፣ ሰርቨር ለምታስተዳድሩ፣ አንድ ገጽ በስንት ሴኮንድ እንደሚከፈት ለመለካት ምሳችሁን ለምትረሱ ሰዎች ነው። እኔም ከእናንተ አንዷ ነኝ። ሕይወት እባላለሁ፤ የኮምፒውተር ሳይንስ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። የምነግራችሁ ነገር በአንድ ቀን ማታ ጀምሮ በማግስቱ ረፋድ ላይ ያለቀ ነው። ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ ሳላሳንስም ሳላጋንንም ለመጻፍ እሞክራለሁ።

የተወለድኩት ካዛንቺስ ነው። ሰፈራችን ሲፈርስ ሰዉ ተበተነ። ግማሹ ከተማ ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሰው፣ ግማሹ ቂርቆስና ላንቻ ቤት ተከራየ። እድራችን ግን አልፈረሰም። ችግሩ ሰው ሲሞት ጥሩምባ የሚነፋበት መንደር አለመኖሩ ነበር። ማን የት እንደገባ የሚታወቀው ከእድሩ ጸሐፊ ከጋሽ ታደሰ መዝገብ ብቻ ነው፤ እሱም ዳሩን አይጥ የበላው ትልቅ ደብተር ነው። ጋሽ ታደሰ ደግሞ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ማንበብ አቁመዋል።

ስለዚህ በክረምቱ ዊኪ የሚባለውን ዓይነት ድረ ገጽ ከፈትኩ። ለእያንዳንዱ አባል አንድ ገጽ፤ ስም፣ ሥራ፣ የቅርብ ቤተሰብ፣ አሁን የሚኖርበት ቦታ። አባላቱ ራሳቸው በስልካቸው ገብተው ማስተካከል ይችላሉ። ሽማግሌዎቹ ዊኪ የሚለው ቃል ስላልጣማቸው «መዝገቡ» አሉት፤ እኔም መዝገቡ ማለት ለመድኩ።

ደብተሩን ስገለብጥ ጋሽ ታደሰ አጠገቤ ይቀመጡ ነበር። ሳያዩት በቃላቸው ያርሙኛል።

«ይሄኛው ሥዩም በንጉሡ ሠ ነው፤ ኃይሉም በብዙኃኑ ኀ። ያኛው ስዩም ደግሞ በእሳቱ ሰ፣ ሀይሉ በሃሌታው ሀ። እንዳታሳስቺ።»

«እሺ ጋሼ።»

«እሺ ብቻ አይደለም። የራስሽንም ስም በሃሌታው ነው የጻፍሽው አሉኝ። ሕይወት በሐመሩ ካልተጻፈች ሕይወት የላትም» ብለው ሳቁ።

እኔም ሳቅኩ። ድምፃቸው አንድ፣ መልካቸው የተለያየ ፊደሎችን ሞክሼ እንደምንላቸው ታውቃላችሁ። ጋሽ ታደሰ የድሮ ሰው ስለሆኑ ፊደል የሚወዱ መሰለኝ። እንዳሉኝ ጻፍኩና ነገሩን ረሳሁት።

መስከረም ላይ መዝገቡ መንቀርፈፍ ጀመረ። መዝገቡ የተቀመጠባት ኮምፒውተር፣ ሰርቨራችን፣ አንድ ጊጋ ሜሞሪ ያላት ትንሽ ነገር ናት። አንድ ስም ሲፈለግ አሥር፣ አሥራ አንድ ሴኮንድ ትቆያለች። ሱቅ ያላቸው ጋሽ ሙክታር ባገኙኝ ቁጥር «ሕይወቴ፣ ያንቺ መዝገብ ቁርሴን በልቼ ስመለስም እየዞረ ነው» ይሉኝ ነበር። እንደ ቀልድ ነበር የሚናገሩት፣ እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲከነክነኝ ያድራል። ሰው ሲያዝንብኝ አልችልም፤ ያኔ እንዲህ ያለች ልጅ ነበርኩ።

ሳጣራ ሰዉ ስሙን እንደፈለገው ነው የሚጽፈው። ፀሐይ የምትባል አንዲት ሴት አራት ገጽ ነበራት፤ በፀሐዩ ፀ፣ በጸሎቱ ጸ፣ በሐመሩም በሃሌታውም። ፍለጋው ሁሉንም ሲያገላብጥ ነው የሚዘገየው። ሁለት ነገር አደረግኩ። አንደኛ፣ ሞክሼ ፊደላትን ሁሉ ወደ አንድ የሚቀይርና ከዚያ በኋላ ስማቸው አንድ ዓይነት የሆኑትን ገጾች የሚያዋህድ ስክሪፕት የምንለውን አጭር ፕሮግራም ጻፍኩ። ሥራቸውን ጎን ለጎን ይደረድራል፤ «የቅርብ ቤተሰብ» የሚለውን ግን በቅርብ ጊዜ የተስተካከለውን ብቻ ያስቀራል። ሁለተኛ፣ የእያንዳንዱ ሰው ገጽ ቅጂው አስቀድሞ ተዘጋጅቶ እንዲቀመጥ አደረግኩ፤ ካሽ የምንለው ነው። የገጹ የቀድሞ ቅጂዎች የሚገኙበትን «ታሪክ» የሚለውን ትር ግን አልነካሁትም። ማንም አይከፍተውም ብዬ ነው።

ከአሥራ አንድ ሴኮንድ ወደ አንድ ሴኮንድ ወረደ። የለካሁትን ሥዕል በክፍላችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፍኩት። «አቦ ይመችሽ» አሉኝ። ጋሽ ሙክታር ደግሞ ሱቃቸው በር ላይ ሞክረውት፣ «አሁንስ ከጥሩምባውም ቀደመ» አሉ። ከደስታዬ ብዛት እስከ ወሎ ሰፈር በእግሬ ሄድኩ።

ገጾቹን ካዋሃድኩ በዘጠነኛው ቀን፣ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት አካባቢ፣ የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ግርማ ደወሉልኝ። እሳቸው የተመረጡት ሰፈሩ ከተበተነ በኋላ ነው፤ የድሮውን ሰው ብዙም አያውቁትም።

«ሕይወት፣ የምነግርሽን ለማንም እንዳታወሪ። አሁን ከደሴ ተደውሎልኝ ነበር። ስዩም ሀይሉ አርፏል ይላሉ። ቤተሰቡ አልሰማም፣ መርዶውን እናንተ አርዱልን፣ አስከሬኑ ነገ ይገባል አሉና መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ብደውል አይሠራም። መዝገቡን ሳየው የአስካለ ልጅ ነው የሚለው። ትክክል ነው?»

ላፕቶፔ ፊቴ ነበር። ገጹ ወዲያው ተከፈተ። «ስዩም ሀይሉ። የቅርብ ቤተሰብ፦ አስካለ፣ እናት። ቂርቆስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ።» ሹፌሩ ስዩም ነው። ትልቅ መኪና ይነዳል፤ ከቆላ ሲመለስ ለሰፈሩ ልጆች ሸንኮራ እያወረደ ያድለን ነበር።

«አዎ ጋሼ፤ እሱ ነው።»

«ሁለት ስዩም ያሉ ይመስለኝ ነበር። ታደሰ አንድ ጊዜ አንስቶልኝ…»

«አይ፣ ሁለት ገጽ ነበር። ማለቴ፣ ተደጋግሞ ተጽፎ ነበር፤ እኔ አዋሃድኩት። በቃ አንድ ብቻ ነው ያለው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

ይቺን ቃል እንዴት እንዳልኳት አስታውሳለሁ። ፈጥኜ ነው ያልኳት፤ እንደ መዝገቡ። የሚተማመኑብኝ ልጅ መሆኔ ደስ ብሎኝ ነበር።

ጋሽ ግርማ ግን አልቸኮሉም። የስዩምን ስልክ ደጋግመው ሞከሩ፤ ሊያገኙት አልቻሉም። ይህ ደግሞ ነገሩን ያረጋገጠላቸው መሰላቸው። ቤቱን የማውቀው እኔ ስለሆንኩ ጠዋት አሥራ አንድ ተኩል ላይ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ እንድጠብቃቸው ነገሩኝ። መርዶ በጠዋት ነው የሚነገረው፤ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ከሌላ አፍ ሳይሰማ።

ጋሽ ግርማና ጋሽ ሙክታር ደርሰው ሰላም ተባብለን መሄድ ጀመርን። ጋሽ ሙክታር እንደወትሮው አልቀለዱብኝም።

«ባለፈው ሳምንት ሱቄ መጥቶ ነበር» አሉ ለጋሽ ግርማ። «ለእናቱ ነጠላ ጫማ ገዛ። አንድ ቁጥር ይበልጣታል ብለው፣ ‹ግድ የለም ታድጋለች› አለኝ።» ጥቂት እንደሄድን፣ «አሁን በምን አፌ ነው የምነግራት» አሉ።

ሰማያዊውን የቆርቆሮ በር አሳየኋቸው። «አንቺ እዚህ ቁሚ» አሉኝ ጋሽ ግርማ። እነሱ ገቡ።

ውጭ ቆሜ እጄን ምን እንደማደርገው ስላላወቅኩ ስልኬን አወጣሁ። ገጹ ላይ «አርፈዋል» የሚለውን ለመጻፍ አስቤ ነበር። ገጹን ከላይ እስከ ታች ያነበብኩት ያን ጊዜ ነው። «ሥራ፦ ሹፌር፤ ፊደል ለቃሚ፣ ጡረተኛ።»

ደግሜ አነበብኩት። የሸንኮራው ስዩም ሠላሳ አምስት ዓመት እንኳ አይሞላውም።

«ታሪክ» የሚለውን ነካሁ። ነጭ ገጽ መጣና መዞር ጀመረ። በዚያን ሰዓት ከየትም የመጡ፣ ድረ ገጽ የሚያስሱ ሮቦት ፕሮግራሞች ሰርቨሯን ሞልተዋት እንደነበር ኋላ አየሁ፤ ያን ጊዜ የማውቀው ግን እንደሚዞር ብቻ ነው። ከውስጥ የመዝጊያ መቀርቀሪያ ሲከፈት ሰማሁ። የእትዬ አስካለ ድምፅ፣ «ደህና አደራችሁ። ምነው በጠዋት?» አለ።

ገጹ አሁንም ይዞራል። ትቼው ጋሽ ታደሰ ጋ ደወልኩ። ለጸሎት ተነሥተው ስለነበር ወዲያው አነሱት።

«ጋሼ፣ ስዩም ሀይሉ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ነበሩ?»

«ነግሬሽ ነበር እኮ። በንጉሡ ነው በእሳቱ የምትዪኝ?»

«ፊደል ለቃሚው…»

«በንጉሡ ነው እሱማ። ጋሽ ፊደል እኮ ነው። የወርቅነሽ ባል፣ ማተሚያ ቤት የእርሳስ ፊደል እየለቀመ ይደረድር የነበረው። አሞት ደሴ እህቱ ጋ ሄዷል። ምነው ልጄ?»

ጋሽ ፊደልን የማያውቅ የካዛንቺስ ልጅ የለም። እውነተኛ ስማቸውን ግን ማንም አይጠራውም፤ እኔም ከደብተሩ ስገለብጠው የእሳቸው መሆኑን አላወቅኩም። ስማቸው የሚኖረው ደብተሩ ላይ ብቻ ነው። ጋሽ ታደሰ ሁለቱን ሰዎች የለዩባቸው ሌላ ምልክት ሳይሆን እነዚያው ፊደሎች ነበሩ፤ እኔ ደግሞ ፊደሎቹን አጠፋኋቸው።

በሩን ገፋሁት። እጄ ቆርቆሮው ላይ እንዳለ ጩኸቱ ተሰማ።

እትዬ አስካለ መሬት ላይ ነበሩ። ጋሽ ሙክታር ራሳቸውን ከግድግዳው እንዳያጋጩ ይዘዋቸዋል። አልጋው ሥር አዲሱ ነጠላ ጫማ ተቀምጧል። ጋሽ ግርማን በጆሯቸው ነገርኳቸው። ዓይናቸው እኔ ላይ ቀረ። ከዚያ ተንበረከኩ።

«አስካለ፣ ስሚኝ። ተሳስተናል። ልጅሽ አልሞተም።»

«አታባብሉኝ።»

«እውነቴን ነው። ሌላ ሰው ነው።»

«ሽማግሌ ጎህ ሳይቀድ በሬን አንኳኩቶ፣ ልጅሽ ሞተ ብሎ፣ ተሳሳትኩ ይላል? አታባብሉኝ ግርማ። ተዉኝ ላልቅስበት።»

መርዶ ተመልሶ አይወሰድም። አንድ ተስፋ ብቻ ነበር፤ የልጁ ድምፅ። ተራ በተራ ደወልን። አይነሳም። በመካከሉ ስልኬን ሳየው የታሪኩ ገጽ ተከፍቶ ቆይቷል። ሁለት ሰዎች አንድ የሆኑበት መስመር ጎን ማብራሪያ አለው፦ «ድግግሞሽ ተወግዷል። ህይወት።» ስክሪፕቱ የእኔንም ስም በሃሌታው ቀይሮት ነበር።

ጎረቤት ጩኸቱን ሰምቶ መጣ። የመጣው ለሌላው ደወለ። ሁለት ሰዓት ሲሆን ግቢው ሞላ፤ ወንዶቹ ድንኳን እንትከል አንትከል ይባባላሉ። ጋሽ ግርማና ጋሽ ሙክታር ጥግ ይዘው ተመካከሩ፤ እኔም እሰማለሁ።

«ወርቅነሽስ?» አሉ ጋሽ ሙክታር።

«አስከሬኑ ከመግባቱ በፊት ላንቻ ሄደን እንነግራታለን። መጀመሪያ ይቺ ሴትዮ የልጇን ድምፅ ትስማ። እስከዚያ ማንም እንዳይተነፍስ።»

ሦስት ሰዓት ላይ እትዬ ወርቅነሽ ራሳቸው ገቡ።

ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ከበሩ ጀምረው እያለቀሱ ነው የመጡት። እትዬ አስካለ አጠገብ ቁጭ ብለው ደረታቸውን ደቁ። «ምን ዓይነቱን ልጅ ነው የወሰደብሽ» አሉ። ጋሽ ሙክታር ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔ ውሃ አቀርብ ነበር፤ እትዬ ወርቅነሽ ብርጭቆውን ሲቀበሉኝ እጄን ያዙት።

«አንቺ ልጅ፣ ቁጭ በይ እንጂ። ከጠዋት ጀምሮ ቆማ ነው አሉኝ።»

«ደህና ነኝ እትዬ።»

«ፊደል ያስቆጠረው እኮ ጋሽ ፊደል ነው፣ ይሄን ልጅ። ‹ሞክሼዬ› ነበር የሚለው። ደሴ ነው የሞተው ያላችሁት? እሱም እኮ እዚያው ነው። ቢያውቅ ሮጦ ይደርስለት ነበር። ከትናንት ጀምሮ ስልክ አያነሳልኝም፤ ቻርጅ ማድረግ መቼም አይሆንለት።»

እጄን አልለቀቁኝም። ያን ያህል ጊዜ ቆሜ መናገር ነበረብኝ ወይስ ዝም ማለት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ዝም አልኩ።

አራት ሰዓት ሊሆን ሲል የጋሽ ሙክታር ስልክ ጮኸ። አይተውት ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አድርገው ከፈቱት።

«ጋሽ ሙክታር፣ ምነው ሃያ ጊዜ ደወላችሁ? ኔትወርክ የሌለበት ነበርኩ። እማዬ ደህና ናት?»

እትዬ አስካለ ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ማነህ?»

«እኔ ነኛ። ስዩም።»

«የማን ልጅ?»

«ያንቺ ነኛ። እማዬ ምን ሆነሻል? ጫማው ሰፋሽ እንዴ?»

እትዬ አስካለ ስልኩን ደረታቸው ላይ አድርገው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ልጁ ከነጠላቸው ሥር «ሃሎ፣ ሃሎ» ይላል። ከዚያ እልልታው ቀለጠ። መጀመሪያ እልል ያሉት እትዬ ወርቅነሽ ነበሩ። ተነሥተው፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ ሦስቴ እልል አሉ። የዘቀዘቁትን ነጠላ አስተካክለው ለበሱ፣ እንባቸውን ጠራረጉ፣ እየሳቁ ወደ ጋሽ ግርማ ዞሩ።

«እንዲህ ያለ ስሕተትስ ደግ ነው። ታዲያ ደሴ የሞተው ስዩም ማነው?»

እልልታው ከጥግ ጀምሮ አንድ በአንድ ቆመ። ጋሽ ግርማ መሬት መሬት ያያሉ። እትዬ ወርቅነሽ ጋሽ ሙክታርን አዩ፣ ከዚያ እኔን።

«ለምንድነው እኔን የምታዩኝ?»

ጋሽ ሙክታር አንድ እርምጃ ወደ እሳቸው ሄዱ።

«ሞክሼው» አሉ እትዬ ወርቅነሽ። ጥያቄ አልነበረም። ቅድም ተቀምጠው የነበረበት ቦታ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። አልጮኹም። እትዬ አስካለ ስልኩን ለሰው ሰጥተው አጠገባቸው መጡና፣ አሁን ያስተካከሉትን ነጠላ በእጃቸው መልሰው አዘቀዘቁላቸው።

አስከሬኑ ከሰዓት ገባ። ድንኳኑ ላንቻ ተተከለ።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ማንም አልቆጣኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ጋሽ ግርማ ለእድሩ ሰዎች «ያረዳሁት እኔ ነኝ» ብለው ጥፋቱን በራሳቸው ላይ አደረጉት። እትዬ አስካለ ግን ፀሐይ ሳይወጣ በር አይከፍቱም፤ ማንም ቢያንኳኳ፣ ጎረቤት እንኳ ቢሆን። ልጃቸው ከየኬላው እየደወለ ነው የሚነዳው። አዲሱን ጫማ አላደረጉትም።

እኔ ዊኪውን ልዘጋው ነበር። ያልፈቀዱልኝ ጋሽ ታደሰ ናቸው። ደብተሩን ይዘን እንደገና ተቀመጥን፤ ያዋሃድኳቸውን ገጾች ሁሉ አንድ በአንድ ለየን። አሥራ አንዱ በእርግጥ ድግግሞሽ ነበሩ፤ ሦስቱ ግን የተለያዩ ሰዎች ሆነው ተገኙ። አሁን ፍለጋው ሞክሼዎቹን ሁሉ ያመጣል፣ ግን ማንንም ከማንም ጋር አያዋህድም። ሁለት ገጽ አንድ የሚሆነው ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው ሲፈርምበት ብቻ ነው። መዝገቡ ትንሽ ዘገየ፤ አራት ሴኮንድ ገደማ። እንዳለ ተውኩት።

እናንተም ሰርቨር ላይ ስትቀመጡ ድግግሞሽ የሚመስል ነገር ይገጥማችኋል። ትርፍ የሚመስል ፊደል፣ ማንም የማይከፍተው ገጽ። ከመሰረዛችሁ በፊት የጻፈውን ሰው ጠይቁ። በሕይወት ካለ ደውሉለት። እኔ የምደውልለት ሰው ነበረኝ፤ ያውም ሳልጠይቀው ነግሮኝ ነበር። የደወልኩለት ግን ሽማግሌዎቹ ከገቡ በኋላ ነው።

ጋሽ ፊደል አርባቸው ካለፈ በኋላ እትዬ ወርቅነሽ አስጠሩኝ። ላፕቶፔን ይዤ ሄድኩ።

«ባሌን ከሞክሼው ያደባለቅሽበትን አሳዪኝ» አሉ።

ታሪኩን ከፈትኩላቸው። አሁን ቶሎ ይከፈታል። የጋሽ ፊደልን መነጽር አደረጉና ጣታቸውን በመስመሮቹ ላይ እያስኬዱ አነበቡ።

«እኔ የለሁም» አሉ።

«የቅርብ ቤተሰብ የሚለው አንድ ብቻ ነው የሚይዘው፣ እትዬ። ማለቴ፣ በቅርብ የተስተካከለውን ነው ያስቀረው። የእርስዎ…»

«ስንት ቀን ነው እንዲህ የቆየው?»

«ዘጠኝ።»

መነጽሩን አወለቁ። «እሱ የሞተው እኮ በዘጠነኛው ቀን ነው» አሉ። «ከዚያ በፊት ያሉትን ስምንቱን ቀን በሕይወት እያለ ነው የወሰድሽብኝ።»

አንገቴን ደፋሁ። ጣታቸውን መልሰው መስመሩ ላይ አድርገው፣ «ይሄ ይጠፋል?» አሉኝ።

«ታሪክ አይጠፋም እትዬ። ከፈለጉ ግን ሰው እንዳያየው እደብቀዋለሁ።»

«ተዪው። የከፈተው ያንብበው።»

ከዚያ የአሁኑን ገጽ እንድከፍትላቸው ጠየቁኝ። ከፈትኩና ጠበቅን። አራት ሴኮንድ። ገጹ ሲመጣ ከላይ «ሥዩም ኃይሉ» ይላል፣ ከሥሩ «የቅርብ ቤተሰብ፦ ወርቅነሽ፣ ባለቤት»። ጣታቸውን የመጀመሪያው ፊደል ላይ አደረጉ።

«ይሄ በንጉሡ ነው?»

«በንጉሡ ነው፣ እትዬ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

ስልኬን አውጥቼ ጋሽ ታደሰ ጋ ደወልኩ።